ኮምፒውተሩ የጠየቃት የልደት ቀን

ታየች ወንበር ላይ የምትረጋ ሴት አይደለችም። ሰው ምሳ ላይ ሲቀመጥ እሷ ውሃ ለማምጣት ትነሳለች፤ ውሃው ሲመጣ ጨው ጎደለ ብላ ትነሳለች፤ የሚጎድል ነገር ሲታጣ የታጠበውን ብርጭቆ ደግማ ታጥባለች። ወዳጇ ሀቢባ «አንቺ ሴትዮ፣ ወንበር ይፋጅሻል እንዴ?» ትላታለች። ሪያድ፣ ዑረይጃ ሰፈር፣ ቤቷን የምትሠራላት ማዳም ደግሞ ይህንኑ ጠባይ ትጋት ነው ብላ ለጎረቤቶቿ ትፎክርበታለች። እኔን ከጠየቃችሁኝ ትጋት አይደለም። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ከኋላዋ መጥቶ «ለመሆኑ አንቺ ማነሽ?» የሚላት የሚመስላት ሴት እንዴት ብላ ትቀመጥ?

ፍርሃቱ ደግሞ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ሪያድ ታየች የምትባል ሴት አታውቅም። ፓስፖርቱም ሆነ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማው፣ የሚሉት ሀጅራ ነው። ከአገር ስትወጣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ለዚያ ዕድሜ ሥራ ስለማይሰጥ ደላላው በአንድ ከሰዓት በኋላ ስሟን ቀየረ፣ አሥር ዓመት ጨመረላት፣ የልደቷንም ቀን በፈረንጆቹ ጃንዋሪ አንድ፣ ሰማንያ አራት አድርጎ ጻፈው። «ማንም ቢጠይቅሽ፣ በእንቅልፍሽም ቢሆን፣ ይህን ነው የምትይው» አላት። አለችም። አሻራ ሰጠች፣ ክሊኒክ ተመረመረች፣ አሠሪ ቀየረች፤ በየመስኮቱ «ሀጅራ፣ አንድ፣ አንድ፣ ሰማንያ አራት» እያለች ይኸው እዚህ ደረሰች።

የራሷ የምትለው አንድ ነገር ቢኖር አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ግን ዑረይጃ አታስቀምጠውም። የማዳም ልጆች እጅ ከገባ ቁልፎቹ በማግስቱ ተነቅለው ጠጠር መጫወቻ እንደሚሆኑ ታውቃለች። የሚቀመጠው ሱወይዲ ሰፈር፣ ሀቢባ ቤት ነው። ሀቢባ የከሚሴ ልጅ ናት፤ እቤቷ ልብስ ትሰፋለች፤ እዚሁ ሪያድ ተወልዳ ያደገች ነስሪን የምትባል ሴት ልጅ አለቻት። ዓርብ የታየች የዕረፍት ቀን ስለሆነ የማዳም ሹፌር ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሀቢባ በር ላይ ያወርዳታል፤ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት እንዳበቃ ተመልሶ ይወስዳታል።

ላፕቶፑ ውስጥ እናቷ አለች። ድምፅዋ ማለቴ ነው። ታናሽ ወንድሟ ይልማ እናታቸውን በስልኩ እየቀዳ ይልክላት ነበር፤ ታየች ደግሞ ስልክ እንደማይታመን ስለምታውቅ የመጣውን ሁሉ ዓርብ ዓርብ ወደ ላፕቶፑ ታሻግረው ነበር። እናቷ አምና ሞተች። ታየች አልደረሰችም፤ የመውጫ ፈቃዱ እስኪያልቅላት ቀብሩ አለቀ። ከዚያ የይልማ ስልክ መናኸሪያ ላይ ተሰረቀ። የሷም ስልክ ባለፈው ወር ወለል ስትወለውል ከኪሷ ተንሸራቶ ባልዲው ውስጥ ገባና ዳግመኛ አልበራም። እንግዲህ የዚያች ሴት ድምፅ በዓለም ላይ የቀረው በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ሙት ዓመቷ በመጪው እሑድ ነው። ቤተሰብ ሁሉ በሚሰበሰብበት ቀን ድምፅዋ እንዲሰማ ይልማ ለምኗታል፤ እሷም «እልክልሃለሁ» ብላ ቃል ሰጥታለች።

በዚህ ዓርብ ላፕቶፑን ስትከፍተው እንደ ወትሮው አልተከፈተም። ባለፈው ሳምንት «እየታደስኩ ነው፣ አታጥፉኝ» እያለ ሲሽከረከር ትታው ነበር የሄደችው። ታድሶ ጨርሶ ባለቤቱን ረሳ። ድሮ ክዳኑ ሲነሳ ብቻ ይከፈት የነበረው ዕቃ አሁን ስሟን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ፣ ከስሙ ሥር ባዶ ሣጥን አስቀምጦ፣ የይለፍ ቃል አምጪ አላት።

የይለፍ ቃሉን ታውቀዋለች። ችግሩ ቁልፎቹ ናቸው። ላፕቶፑ ከበጥሓ ገበያ ሲገዛ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ነበር የተጻፈበት፤ እሷ ደግሞ የአማርኛ ፊደል ያለበት ተለጣፊ አምጥታ በላዩ ለጥፋበታለች። የሪያድ ሙቀት ሙጫውን አቀለጠው፤ ግማሹ ተነሳ፣ ግማሹ ተንሸራተተ፣ አሁን አንዱ ቁልፍ ላይ ሦስት አገር ተደራርቦ ይታያል። እየፈለገች ጻፈች። ሣጥኑ ያሳያት ነጥብ ብቻ ነው። ስሕተት አላት። ደግማ ጻፈች፤ ነጥብ፣ ስሕተት። ሰው የጻፈውን ለራሱ ለጸሐፊው የሚደብቅ ምን ዓይነት ዕቃ ነው? በሦስተኛው ቆሽቷ አረረና ተነሳች፤ ማጀት ገብታ ምንም ሳትይዝ ተመለሰች።

«ነስሪን!» አለች። «ነይ እስቲ እህቴ፣ ይኼ ነገር አብዷል።»

ነስሪን ከክፍሏ ስልኳን እንደያዘች ወጣች። ሃያ ዓመቷ ነው። አማርኛዋ ከእናቷ አፍ፣ የቀረው ነገሯ ሁሉ ከሪያድ የተቀዳ ነው።

«ኻለቲ፣ እስቲ ላፍታ፣ ጣትሽን አንሺ» አለች። ኻለቲ አክስቴ ማለቷ ነው። ሣጥኑ ጫፍ ላይ ያለችውን የዓይን ምልክት ስትነካት ነጥቦቹ ተገለጡ፤ ከሥራቸው የወጣው ምንም ትርጉም የሌለው የዐረብኛ ፊደል ክምር ነው። «ዐረብኛ ላይ ሆነሽ ነው ስትጽፊ የቆየሽው። እንግሊዝኛ ነው የመሰለሽ።»

ወደ እንግሊዝኛ ቀየረችላት። ታየች ጻፈች። መሀል ላይ ትንሿ ጣቷ አንድ ነገር ነካችና ቋንቋው ሳታውቀው ወደ አማርኛ ዞረ። ነስሪን መለሰችው። ዕቃው ግን ትዕግሥቱ አልቋል፤ ብዙ ጊዜ ተሞክሯልና ባለቤቱ ማንነቱን ያረጋግጥ ብሎ ሣጥኑን ዘጋው።

ነስሪን ያን ጊዜ ነው ከሣጥኑ በላይ ያለውን ስም ያየችው። «ታየች... ታየች ማናት?»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ሀቢባ እግሯን ከመርገጫው ላይ አንስታ ታየችን አየቻት፤ ታየች ወለሉን አየች።

«እሷ ናት» አለች ሀቢባ። «ኻለትሽ። ሀጅራ የወረቀት ስሟ ነው። በዚህ አገር ስንቱ ሰው ሁለት ስም እንዳለው ብታውቂ፣ ልጄ።»

ነስሪን ተራ በተራ አየቻቸው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፀጉሯን የሠራችላት ሴት ስሟ ሌላ ኖሯል። ወደ ላፕቶፑ ዞረች። «ያላ፣ እሺ። ኮድ እልካለሁ ይላል። መጨረሻው ዜሮ ሰባት የሆነ ቁጥር የማን ነው?»

የታየች የድሮ ቁጥር ነው። ከመጀመሪያው አሠሪዋ ስትወጣ አብሮ የተቆረጠ። ዛሬ ማን እጅ እንደገባ እንጃ። ምናልባት አንድ የማታውቀው ሰው ገበያ መሀል ቆሞ ስልኩ ላይ የመጣለትን ኮድ እያየ ይገረም ይሆናል። ነስሪን «ቁጥሩን አላገኘውም» የሚለውን መረጠች። ሌላ ገጽ መጣ፤ እያነበበች ተረጎመችላት። «አካውንቱ ሲከፈት የሰጠሽውን የልደት ቀን አስገቢ ይላል። ሦስት ዕድል አለሽ። ካለቀ ኸላስ፣ ለዘለቄታው ይዘጋል፣ ያለበትም ነገር ይጠፋል። የተወለድሽው መቼ ነው?»

«አንድ፣ አንድ፣ ሰማንያ አራት» አለች ታየች።

እንኳን ልታስብበት ትንፋሽም አልወሰደችበትም። ነስሪን ጻፈች፣ ተጫነችው። ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ትክክል አይደለም። ሁለት ቀረሽ።»

ታየች አፏን በእጇ ያዘች። አሥራ ሦስት ዓመት በየመስኮቱ ያዳናት መልስ ዛሬ ከአፏ ቀድሞ ወጥቶ ከሦስቱ ዕድል አንዱን በላባት። «እሱኮ የፓስፖርቱ ነው፣ የሀጅራ ነው! ሳላስበው ነው የወጣው!» አለች። ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች፣ መጋረጃውን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው።

«አትንቀዥቀዢ» አለች ሀቢባ። «አካውንቱ በእውነተኛ ስምሽ ከሆነ እውነተኛውን ቀን ንገሪያት።»

«ኅዳር ሚካኤል፣ ሰማንያ ስድስት።»

ነስሪን ጣቷን አየር ላይ አንጠልጥላ ቀረች። «ኅዳር የትኛው ወር ነው? ኑቨምበር?»

«ነውም፣ አይደለምም» አለች ሀቢባ፤ ከዚያ ሁሉም ሰው ሒሳብ ውስጥ ገባ። ሀቢባ ከመስከረም ጀምራ በጣቷ አንጓ ቆጠረች፤ መሀል ላይ ጠፋባትና እንደገና ከመስከረም ጀመረች። ነስሪን በስልኳ የዘመን መቀየሪያ ፈለገች። ላፕቶፑ ደግሞ አገሩን ሳዑዲ ብሎ ስለያዘ ጥግ ላይ የሂጅራውን ቀን ደቅኖ ሌላ ግራ መጋባት ይጨምርላቸዋል። በመጨረሻ ጣትና ስልክ ተስማሙ፤ በፈረንጆቹ ኑቨምበር ሃያ አንድ፣ ዘጠና ሦስት።

ነስሪን ቁጥሩን አየችና ጮኸች። «ሠላሳ አንድ?! ኻለቲ፣ አንቺ ሠላሳ አንድ ነሽ? እኔኮ አርባ ምናምን...»

«አርባ እመስላለሁ?»

«አይ! ወላሂ አትመስዪም... ማለቴ፣ ትንሽ... አላውቅም!»

ሀቢባ ከሣቋ የተነሳ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው። ታየችም ሣቀች፤ ሣቁ ግን እስከ ሆዷ አልወረደም። ነስሪን ቀኑን ጻፈችው። ሦስቱም ስክሪኑ ላይ ተደፍተው አንድ ላይ ተጫኑት ማለት ይቻላል።

ቀይ።

«አንድ ቀረሽ» አለች ነስሪን ቀስ ብላ። አሁን የሚሥቅ ጠፋ።

ታየች የምትሄድበት አጥታ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ ለካችው። ማጀት ገብታ የታጠበ ብርጭቆ አጠበች። ወጥታ የነስሪንን ጫማ በር ላይ አሰለፈች። ከውጭ የዐስር አዛን ተሰማ፤ ሹፌሩ የሚመጣበት ሰዓት እየቀረበ ነው።

«ለዛሬ ይብቃ» አለች ሀቢባ። «እንዳለ እንተወው። በሚመጣው ዓርብ ረጋ ብለን...»

«በሚመጣው ዓርብ ሙት ዓመቷ አልፏል!»

«ከሚጠፋ አይሻልም?»

«እኔ ከእንግዲህ አልነካውም» አለች ነስሪን፤ እጆቿን ወደ ኋላ ደበቀች። «ብሳሳትስ፣ ኻለቲ? የእናትሽን ድምፅ እኔ አጠፋሁት ማለት ነው።»

ታየች መሀል ቤት ቆማ ፈነዳች። «ለመንግሥት ስዋሽ ያምነኛል! ማኅተም ይመታልኛል! እውነቱን ስናገር ይኼ ዕቃ ውሸታም ይለኛል! እኔ ራሴ ማን እንደሆንኩ ካልታወቀኝ እሱ ከየት አምጥቶ ነው የሚያውቀኝ?» ሀቢባ ልታቅፋት ተነሳች፤ ታየች ግን መታቀፉን አልቻለችውም፤ ከስፌት መኪናው ሥር የወዳደቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ መልቀምና ማጠፍ ጀመረች። እጇ ሥራ ሲይዝ ነው ጭንቅላቷ የሚሠራላት።

አካውንቱ የተከፈተበት ቀን መጣላት። ፉጣ በሚባለው ሰፈር ነበር፤ ሪያድ በገባች በሁለተኛው ዓመት፣ የመጀመሪያ ስልኳን በገዛች ዕለት። አራጋው የሚባል የአገሯ ልጅ ከአንድ በር የማትበልጥ የስልክ ሱቅ ነበረችው፤ ለአበሻው ሁሉ አካውንት የሚከፍትለት እሱ ነበር። ላፕቶፑንም ኋላ ስትገዛ በዚያው አካውንት ነው ያስከፈተችው። ዓርብ ስለነበረ ከኋላዋ የሠራተኛ ወንዶች ሰልፍ እስከ መንገዱ ደርሷል። «ስም?» አላት። «ሀጅራ» ብላ ጀመረች። ቀና ብሎ አያትና «ለእነሱ አይደለም እኮ እህቴ፤ ይኼ የራስሽ ነው፤ እናትሽ ያወጣችልሽን ንገሪኝ» አላት። ድፍን ሁለት ዓመት ስሟን የጠየቃት ሰው አልነበረም። «ታየች» አለችው። «የተወለድሽውስ?» ሲላት፣ እናቷ ሁልጊዜ እንደምትለው አለችው፤ ኅዳር ሚካኤል፣ ሰማንያ ስድስት።

የምታጥፈውን ጨርቅ እንደያዘች ቀጥ አለች።

«አልቆጠረም» አለች።

«ማን?»

«አራጋው። አንቺ ስትቆጥሪ በጣትሽ አንጓ ሄድሽ፣ ሁለቴ ጠፋሽ። ነስሪን ስልክ ውስጥ ገባች። እሱ ግን እጁን አላቆመም። ከአፌ ሲወጣ አውራ ጣቱ እየሄደ ነበር። ሰልፈኛው እየጮኸበት በፈረንጅ ልቀይርልሽ ብሎ ጊዜ ያጠፋል? እኔስ የዚያን ጊዜ አቆጣጠሩ ከአገር አገር የሚለያይ መሆኑን መች አውቄ። እንዳለ ነው የከተተው። አሥራ ሁለት፣ ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት።»

ነስሪን ግንባሯን ቋጠረች። «ኻለቲ፣ እሱኮ በፈረንጅ ማርች ነው። ፓስፖርትሽም አይደለም፣ እውነቱም አይደለም። በዚያ ቀን የተወለደ ሰው የለም።»

«እዚያ ውስጥ አለች» አለች ታየች። «ተነሺልኝ፣ እኔ ልጻፈው።»

ሀቢባ «ቢስሚላህ በይ» አለቻት፤ ታየች በሆዷ ሚካኤልን ጠራች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አስገባች። አሥራ ሁለት። ሦስት። ሰማንያ ስድስት። ውጭ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ፤ ሹፌሩ ነው። ተጫነችው።

ክቧ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች፤ ሀቢባ ዓይኗን ጨፈነች፤ ነስሪን የታየችን ትከሻ ጨምድዳ ያዘች።

አረንጓዴ። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ ታየች።»

ነስሪን እልል ማለት ሲያምራት እንደ ዐረቦቹ ምላሷን አንከባለለች። ሀቢባ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጭኗን መታች። ዕቃው ግን ገና አልለቀቃትም፤ አዲስ የይለፍ ቃል አምጪ አለ። ነስሪን «ቋንቋውን እዪ! ዓይኗን ክፈቺያት!» እያለች ቆመችባት፤ ሁለቴ እያነበቡ አስገቡት። ወዲያው ነስሪን ሳትጠየቅ ድምፆቹን በሙሉ ወደ ስልኳ ገልብጣ ለይልማ መላክ ጀመረች። «ዳግመኛ እንዳይዘጋብን» አለች፤ ከዚያ ትንሽ አመንትታ «ኻለቲ ታየች» ብላ ጨመረች።

ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ።

«ሂጂ በቃ፣ ማዳም ትቆጣለች» አለች ሀቢባ።

«አንዱን ብቻ» አለች ታየች፤ ከላይ ያገኘችውን ነካችው።

መጀመሪያ ንፋስ ተሰማ፤ ራቅ ብሎ ውሻ ይጮኻል። ከዚያ እናቷ መጣች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሪያድ ድረስ እንዲሰማላት።

«ታየች! ታየች፣ አለሽ? ደኅና ነሽ ወይ ልጄ? ምሳ በላሽ?»

ከዚያ ዝም። ንፋሱ ብቻ። ይልማ በሹክሹክታ «እማዬ፣ ስልክ አይደለም እኮ፤ እየቀዳሁሽ ነው፤ ቀጥዪ» ሲላት ይሰማል።

«ቆይ አንተ፣ አትቸኩል!» አለች እናትየው። «ልጄ ትመልስልኝ።»

አሁንም ዝም። ይልማ ሊያስረዳት ደክሞት የተወው ረጅም ዝምታ ነው፤ እናቷ እየጠበቀች ነው።

«በልቻለሁ፣ እማዬ» አለች ታየች።

ሹፌሩ ለሦስተኛ ጊዜ ጥሩምባውን አጮኸው። ታየች ከወንበሩ አልተነሳችም።